ከቦምብ እስከ ስንዴ፦ አውሮፕላን በወሎ ደጋ

ከደሴ ተነስቶ በኩታበር በኩል ወደ ምዕራብ የሚያቀና መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ የአገሩን ጠባይ ይረዳል። ላይ ላዩ ደጋ ነው፤ ገብስ ይዘራበታል፣ በግ ይሰማራበታል፣ ንፋሱም ያንሰፈስፋል። ሜዳው ሲያልቅ ግን በሽሎና ገባሮቹ የቆራረጡት ገደል አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ከማዶ ያለው አምባ ለዓይን ቅርብ ነው፤ ለእግር ግን ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገት ወጥቶ የሚያድሩበት አገር ነው። ተንታ፣ መቅደላ፣ ደላንታ፣ ሳይንት፣ ቦረናና ወግዲ እስከ ዓባይ አፋፍ ድረስ እንዲህ ባለው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ ጭቃው ይይዛል፣ ገበያውም ይቋረጣል።

ይህን መሬት በእጃቸው ለመክፈት ከሞከሩት ሁሉ ታላቁ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነስተው ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መንገዱን ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ እየፈለጡ ነበር ያበጁት። ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ብረት መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ለአንድ ጭነት ስድስት ወር ገደማ መሆኑ ነው። የወሎን ረሃብ ታሪክ የሚያነብ ሰው ይህን ቁጥር ቢይዝ ይጠቅመዋል፤ ከዚያ ወዲህ በነበሩት ክፉ ዓመታት ሁሉ ጥያቄው እህሉ አለ ወይ ከሚለው ይልቅ እንዴት ይደርሳል የሚለው ነበርና።

አውሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1921 ዓ.ም. ነሐሴ ነው። ፖቴዝ የተባለች የፈረንሳይ ሥሪት አዲስ አበባ ላይ አረፈች። ከሰባት ወር በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ የወሎና የበጌምድር ድንበር አንቺም ላይ ያመፁት የበጌምድር ገዥ የራስ ጉግሣ ወሌ ጦርና የመሐል አገሩ ጦር ተጋጠሙ። በእነዚያ ቀናት ከጉግሣ ጦር በላይ የበረረው አውሮፕላን መጀመሪያ የጣለው ወረቀት ነው፤ ለጉግሣ የወገነውን ሁሉ የሚያወግዝ የጳጳሱ ቃል ታትሞበታል። ቀጥሎ ትናንሽ ቦምቦች ወረዱ። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን ወደቁ። የሰሜን ደገኛ ሰማይ ላይ የሚያጓራ ነገር ያየው በዚህ መልኩ ነው፤ መጀመሪያ ግዝት፣ ቀጥሎ እሳት።

ከስድስት ዓመት በኋላ የባሰው መጣ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠዋት የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን የዞረው ያን ጊዜ ነው። የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ይሠሩበት የነበረው ሆስፒታልም የቀይ መስቀል ምልክት እየታየበት ተመታ። በዚያው ጦርነት አውሮፕላን ሌላ ሥራም ተሰጠው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር እንዳስረዱት፣ ጠላት አውሮፕላኖቹ ላይ መርጫ ገጥሞ የሚያቃጥለውን መርዝ እንደ ካፊያ አወረደው፤ በሰውም፣ በከብትም፣ በወንዝም፣ በግጦሽም ላይ። ስለዚህ መርጫ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ ያው ዘዴ ከዓመታት በኋላ በአገራችን ለሌላ ሥራ ውሏልና።

በዚያው ዓመት ግን አንድ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላው ስዊድናዊ የአምቡላንስ አውሮፕላን ይዞ መጣ። ስሙ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነው። ለስዊድን ቀይ መስቀል ቁስለኛና መድኃኒት ያመላልስ ነበር። በመጋቢት ወር የዓለም አቀፉን ቀይ መስቀል ሐኪም ማርሴል ዡኖን አሳፍሮ እስከ ኮረም በረረ፤ ኮረም ሜዳ ላይ የቆመችው ፎከር አውሮፕላንም ከሰማይ በወረደ ቦምብ ተቃጠለች። የቀይ መስቀል ምልክት አላዳናትም። ሰውየው ግን ኢትዮጵያን አልተዋትም። ኮረምም በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደገና ትመጣለች።

ከነፃነት በኋላ ያለው ዘመን የጦር ዕቃ ለሰላም የተገለበጠበት ዘመን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት መጨረሻ መብረር ሲጀምር የያዛቸው አውሮፕላኖች ከአሜሪካ ጦር የተረፉ ሲ-47 ነበሩ። ወታደር ያመላልሱ የነበሩ ናቸው። መቀመጫቸው በግድግዳው ጎንና ጎን የተዘረጋ አግዳሚ ነበር፤ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል፣ መሐሉ ላይ ጭነት ይታሰራል። እነዚህ አውሮፕላኖች አስፋልት አይጠይቁም ነበር። ሣር ሜዳ ይበቃቸዋል፣ ከብቱ ቶሎ ከተነዳ። ለዚህ ነው አየር መንገዱ መኪና ያልደረሰባቸውን የአገር ቤት ከተሞች የደረሰባቸው። ከእነዚያ አንዷ የቦረናዋ መካነ ሰላም ናት። ከደሴ በበቅሎ ስንት ቀን በሚያስኬደው አገር የአውሮፕላን ማረፊያ ከመኪና መንገድ ቀድሞ መገኘቱን ዛሬ ለልጆች ሲያወሩት ተረት ይመስላቸዋል።

ፎን ሮዘንም ተመልሶ መጣ። ቢሾፍቱ ላይ የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማደራጀትና አብራሪ በማሠልጠን አሥር ዓመት ያህል ሠራ። የዚህ ሰው ሕይወት ዕቃ የመለወጥ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። በፊንላንድ የክረምት ጦርነት ጊዜ የመንገደኛ አውሮፕላን ወደ ቦምብ ጣይነት አስለውጦ ራሱ አብርሮታል። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ከናይጄሪያ ለተገነጠለችውና በረሃብ ለተመታችው ቢያፍራ ወግኖ፣ ለሥልጠና የተሠሩ ትናንሽ የስዊድን አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር ሮኬት አስገጠመና የናይጄሪያን የአየር ማረፊያዎች መታ። የረሃብተኛ ወገን ሆኖ መተኮሱን የሚያመሰግኑት አሉ፤ የሚወቅሱትም አሉ። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው።

የ1965ና የ66 ድርቅ ወሎን ሲፈጃት አዲስ አበባ ውስጥ ወሬው ተሸፍኖ ቆየ። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያቀናበረው ፊልም በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው ዓለምም የአገሬው ሰውም ዓይኑን የገለጠው። ረሃቡ የደረሰበት ዋናው መንገድ ዳር ያለው ሰው ራሱን እየጎተተ ደሴና ኮረም ገባ። ከገደሉ ማዶ ያለው ደገኛ ግን ቤቱ ቀረ። የሚራመድበት ጉልበት ባጣ ጊዜ ቤቱን ዘግቶ መተኛት የወሎ ገበሬ ልማድ ነው፤ መንገድ ዳር መውደቅን እንደ ውርደት ይቆጥረዋልና። ስለዚህ እህሉ ወደ እሱ መሄድ ነበረበት።

ፎን ሮዘን ያመጣው መላ ይህን የሚመለከት ነበር። ሳብ የተባለው ኩባንያ ኤምኤፍአይ-15 የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ሠርቷል። የቢያፍራዎቹ ታናሽ እህት ናት፤ በክንፏ ሥር ጭነት የሚንጠለጠልባቸው ማያያዣዎች አሏት። ሌላው አገር ሮኬት ይሰቅልባቸዋል። እሱ የምግብ ከረጢት ሰቀለባቸው። አብራሪው ዝቅ ብሎ ሜዳው ላይ ይደርሳል፣ ማያያዣውን ይለቃል፣ ምግቡ ይወርዳል። ሁሉንም ማያያዣ ሞልታ የምታነሳው ከሦስት ኩንታል ብዙም አይበልጥም። ለአንድ ወረዳ ይህ ኢምንት ነው። ነገር ግን ማረፊያ ሜዳ የሌለውን ሕዝብ ምግብ ሊደርሰው እንደሚችል፣ ለዚያም የሚያስፈልገው መሣሪያ በዓለም የጦር መጋዘን ውስጥ ሞልቶ እንደተቀመጠ አሳየ። አንድ ሰው ቦምብ በጣለበት እጁ፣ በዚያው ማያያዣ፣ ለወሎና ለመሰል ደጋዎች ረሃብተኛ የሚሆን አሠራር ፈጠረ። ስለ ቢያፍራው ሮኬት የሚነሳው ክርክር አያልቅም፤ ቢሆንም ሚዛኑ ላይ ይህም መቀመጥ አለበት።

ፎን ሮዘን ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ፣ የሶማሊያ ጦር በከፈተው ጥቃት ተገደለ። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ሊሞላ ነበር። የተቀበረው አዲስ አበባ ነው።

ከዚያ ሰባ ሰባት መጣ። በወሎ ይህን ዓመት ለማስረዳት ሌላ ቃል አያስፈልግም፤ "ሰባ ሰባት" ከተባለ ይበቃል። የበልጉም የመኸሩም ዝናብ ተከታትሎ ቀረ፤ ጦርነቱ ሰሜኑን ይዞታል፤ መንግሥት መስከረም 2 ቀን የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት አከበረ። ጥቅምት 13 ቀን የማይክል በርክና የመሐመድ አሚን የኮረም ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ያቺው ኮረም፣ ከአርባ ስምንት ዓመት በፊት የቀይ መስቀሉ አውሮፕላን የተቃጠለባት ሜዳ። ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች አዲስ አበባ ገቡ። ምዕራብ ጀርመን ትራንሳል ላከች። ሶቪየት ኅብረት 12 አንቶኖቭ-12፣ 24 ሚ-8 ሄሊኮፕተርና 300 የጭነት መኪና አሰማራች። ፖላንድ ሦስት ሄሊኮፕተሮቿን በመርከብ አሰብ አድርሳ በጥር ወር ሥራ አስጀመረች። ኔቶና ዋርሶ የሚባሉት ሁለት ባላንጣ ጎራዎች አንዱ የሌላውን ጥይት በሚቆጥርበት ዘመን፣ የሁለቱም ወታደሮች ቦሌ ላይ ጎን ለጎን ጆንያ ጫኑ።

ችግሩ ከቦሌ በኋላ ነበር። ሄርኩለስ በጠጠር ሜዳ ማረፍ ይችላል፤ መቀሌና አክሱምን ለመሰሉ ከተሞች በዚህ መልክ ብዙ እህል ደረሰ። ለሰሜን ሸዋና ለወሎ ደጋማ ቀበሌዎች ግን ይህ አይሆንም። ደጋው ላይ ሜዳ አለ፤ አራት ሞተር ያለው አውሮፕላን ጭነቱን ይዞ አርፎ መልሶ የሚነሳበት ሜዳ ግን ሌላ ነገር ነው። ሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩም ክንፉም በዚያው ልክ ይደክማሉ። ስለዚህ ሳያርፉ መጣል ግድ ሆነ። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን፣ እንግሊዞቹ፣ ጀርመኖቹና ፖላንዶቹ ተባብረው ሥራውን በጥር 1977 ዓ.ም. ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ መጣያ ሜዳዎች አንዱ ከደቡብ ወሎ ጋር የሚዋሰነው የግሼ ራቤል ደጋ ነበር።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፤ ጥበቡ ያለው እዚያ ነውና። ጃንጥላ አልተጠቀሙም። ጃንጥላ ውድ ነው፤ በየቀኑ ለሚወርደው ጆንያ የሚበቃ አይገኝም፤ የደጋው ንፋስም ይዞት ገደል ይገባል። እህሉ ተገልብጦ በሁለት በሦስት ጆንያ እንደገና ተከተተ፤ ጆንያ በጆንያ ውስጥ። ጆንያው እስከ አፉ አይሞላም። የላላ ጆንያ መሬት ሲመታ እህሉ ውስጥ ለውስጥ ይሸሻል፣ ድንጋጤውን ይከፋፈለዋል፤ ጢም ያለ ጆንያ ግን ይፈነዳል። የውስጠኛው ቢቀደድ የውጨኛው ይይዘዋል። ጆንያዎቹ በሳንቃ ላይ ተደርድረው ይታሰራሉ፤ ሳንቃው የአውሮፕላኑ ወለል ላይ ባሉት ተንከባላዮች ይሄዳል።

አውሮፕላኑ መጣያው ጋ ሲደርስ የኋላ በሩ ተከፍቷል። አብራሪው ፍጥነቱን በሰዓት ወደ 200 ኪሎ ሜትር አውርዶ፣ ከመሬት 15 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይመጣል። የትልቅ ባሕር ዛፍ ጫፍ ያህል እንኳ አይሞላም። ሜዳው መነሻ ላይ አፍንጫውን ቀና ሲያደርገው ወለሉ ወደ ኋላ ያጋድላል፤ ማሰሪያው ተቆርጦ ጭነቱ በገዛ ክብደቱ ተንሸራቶ ይወጣል። ሞተር አይገፋውም፣ ሰውም አይገፋውም። ጆንያው ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መሬት ይደርሳል፤ በዚያች ቅጽበት መቶ ሜትር ያህል ወደ ፊት ሄዷል፤ ከዚያ ይንከባለላል፣ አቧራው ይነሳል። ከፍታው ለምን እንዲህ ዝቅ እንዳለ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ከ15 ሜትር የወደቀ ጆንያ መሬቱን ቁልቁል የሚመታው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ግን እህሉ ዱቄት ይሆናል፣ ዱቄቱም ከጭንጫው ጋር ይደባለቃል። አብራሪው ይህን ለማትረፍ ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ ገደሉ ሲሞቅ አየሩ ይናጣልና በረራው በማለዳ ነው። ጥንብ አንሳና ጭላት በሞሉበት ሰማይ ዝቅ ብሎ መብረር ደግሞ ሌላ አደጋ አለው።

ጭነቱን የሚያወርዱት የእንግሊዝ ጦር የአየር ጭነት ወታደሮች ክፍት በር ላይ ነበር የሚቆሙት። እግራቸው ሥር ሜዳው ይሮጣል። ከትከሻቸውና ከታፋቸው የተጠለፈ ጠፍር አለ፤ ጠፍሩ በገመድ ከአውሮፕላኑ ወለል ጋር ተያይዟል። ይህ ጠፍር የጃንጥላ ዘላዮች መታጠቂያ ልጅ ነው። ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው ቢወድቅ ኃይሉን በወገቡ ብቻ ሳይሆን በታፋው፣ በደረቱና በትከሻው እንዲከፋፈለው የሚያደርገው ያ ስፌት ነው።   

ወደ ሜዳው እንመለስ። አውሮፕላኑ ከመምጣቱ በፊት የሚያርፈው የፖላንዱ ሄሊኮፕተር ነው። ቦታውን የሚመርጡ፣ ንፋሱን የሚለኩ፣ ሕዝቡን ከሜዳው የሚያርቁ ሰዎችን ያወርዳል፤ ሐኪምም ያመጣል፤ ሲመለስ በጠና የታመመ ይጭናል። የሚወድቅ ጆንያ ሰው ይገድላል። ስለዚህ የቀበሌውና የኮሚሽኑ ሰዎች ሕዝቡን ከዳር አስቀምጠው ይይዛሉ። ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው እህል ከፊቱ ሲወርድ እያየ ቁጭ ማለቱን አስቡት። ከዚያ ሴቱም ወንዱም ጆንያውን ሰብስቦ ይከምራል፣ የፈሰሰውን ሕፃናት ፍሬ በፍሬ ይለቅማሉ፣ እህሉ በስም ዝርዝር ይታደላል። ባዶው ጆንያ ምንጣፍም ልብስም ይሆናል። የዚህ ሥራ ግማሹ በመሬት ላይ ያለው ሰው ሥርዓት ነው፤ ፎቶግራፉ ግን ሁልጊዜ የአውሮፕላኑን ሆድ ያሳያል።

እንግሊዞቹ እስከ ታኅሣሥ 1978 ዓ.ም. ቆዩ። የእነሱ ሁለት ሄርኩለስ ብቻ ያመላለሱት ከ30 ሺህ ቶን በላይ ነው፤ ግማሹ ያህል ከአየር የተጣለ ነበር። አንድ ጊዜ የሚጣለው ጭነት 15 ቶን ግድም ነው፤ ሴባስቶፖልን ሁለት ጊዜ ማለት ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ። ነገር ግን አውሮፕላኑ በሰዓት ሁለት ቶን ያህል ነዳጅ ይበላል። አሰብ ወደብ ላይ መርከብ ያራገፈው እህል በመኪና ቢመጣ ወጪው ከዚህ ጋር አይወዳደርም። አውሮፕላን የመጣው መንገድ ስላልነበረ፣ የነበረውም በጦርነት ስለተዘጋና መኪናው ስለሚያንስ ነው። ሰባ ሰባት ላይ ከሰማይ የወረደው ስንዴ ሁሉ ቀደም ሲል ያልተሠራ መንገድ ዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

ያው አውሮፕላን የሠራውን ሌላ ነገር ማለፍ አይገባም። ደርግ በዚያው ዓመት ሰፈራ አወጀ። ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ መተከልና ጋምቤላ ተወሰደ፤ ከሁሉ የበዛው ከወሎ ነው። አንቶኖቭ-12 የዕቃ አውሮፕላን ነው፤ የጭነቱ ክፍል ሰው የሚተነፍስበት የአየር ግፊት የለውም፣ መቀመጫም የለውም። እህል ያመጣው ሆድ ሰው ተጠቅጥቆበት ተመለሰ። ሕፃናትና አቅመ ደካሞች በዚያ ጉዞ ሞቱ፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በተለያየ በረራ ተለያዩ። ወሎ ውስጥ "ሰፈራ የሄደ" ተብሎ ወሬው የቀረ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ዕቃን ለሰው ነፍስ እንዲሆን መለወጥ የሚባለው ነገር አብራሪው እጅ ላይ ብቻ እንደማይቆም፣ ማን እንዳዘዘው፣ ተሳፋሪው ፈቃዱን መጠየቅ አለመጠየቁ ዋና እንደሆነ ያ ዓመት አስተማረን።

ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ እጅ ራሱ መሥራት ጀመረ። አየር መንገዱ በ1979 ዓ.ም. ገደማ አግ-ካት የተባለውን የግብርና አውሮፕላን በፈቃድ አዲስ አበባ ላይ መገጣጠም ጀመረ፤ ስሙን "እሸት" አለው። ድርብ ክንፍ ያላት፣ ሆዷ ውስጥ ፀረ ተባይ የምትይዝ፣ በክንፏ ሥር የመርጫ ቧንቧ የተዘረጋላት ናት። በ1928 ዓ.ም. በሕዝባችን ላይ መርዝ ያዘነበው ዘዴ ማሳን ከተባይ ለመጠበቅ ዋለ። የሄርኩለስንም ሲቪል ዓይነት አየር መንገዱ ገዝቶ ለዕርዳታና ለጭነት አሰማራው። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በጋራ ያቋቋሙት የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትም ከ1954/55 ዓ.ም. አንስቶ መርጫ የተገጠመላቸው አውሮፕላኖቹን በቀጣናው ያበርር ነበር።

ስለ ቀጣዮቹ ሠላሳ ዓመታት በዚህ ጉዳይ ብዙ የሚወራ የለም፤ ያም መልካም ወሬ ነው። መንገድ ተሠራ። ደሴና መካነ ሰላም በመኪና ተገናኙ፣ ከዓባይ ማዶ ካለው ጎጃምም ጋር መንገዱ ተሳካ፤ ከኩታበር ወዲያ ያለው የበሽሎ ሸለቆም ለጭነት መኪና ተከፈተ። ኮምቦልቻ ደህና ማኮብኮቢያ አገኘች። ከዚያ በኋላ ድርቅ ሲመጣ እህሉ በአብዛኛው በጎማ ነው የደረሰው።

በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ የመጣው ችግር የተገላቢጦሽ ነበር። መንገዱ አለ፤ ዓለም ግን ሰማዩን ዘጋ። የመንገደኛ አውሮፕላኖች ቦሌ ላይ ተሰልፈው ቆሙ፤ የጭነት ፈላጊው ግን መጠን አልነበረውም። የአየር መንገዱ መካኒኮች ከሃያ በላይ ከሚሆኑ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበር አወጡ። ወንበር ወለሉ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ በብሎን የታሰረ ነው፤ ብሎኑ ይፈታል፣ ሦስት ሦስቱ ወንበር አብሮ ይነሳል፣ በበሩ በኩል ይወጣል። ባዶ በቀረው ወለል ላይ ካርቶን ይደረደራል፣ በመረብ ተሸፍኖ በዚያው ሐዲድ ይታሰራል። ትልቁ ሥጋት እሳት ነው። የዕቃ አውሮፕላን ጭነት ክፍል እሳት የሚታፈንበት ዘዴ አለው፤ የመንገደኛው ክፍል የለውም። ስለዚህ በመላው ዓለም እንዲህ ባለው በረራ ላይ ማጥፊያ ይዘው ጭነቱን የሚጠብቁ ሠራተኞች እንዲሳፈሩ ተደረገ። ሠላሳ ኪሎ ካርቶን በጠባብ መተላለፊያ ከእጅ ወደ እጅ ማቀባበል የወገብ ሥራም ነው።

መጋቢት 13 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናዊው ባለሀብት ጃክ ማ የተላከው የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦሌ ደረሰ፤ 5.4 ሚሊዮን ጭምብል፣ 1.08 ሚሊዮን መመርመሪያ፣ 40 ሺህ መከላከያ ልብስ፣ 60 ሺህ የፊት መሸፈኛ። ሚያዝያ 6 ቀን የዓለም ምግብ ፕሮግራም የሰብአዊ ዕርዳታ የአየር ማዕከሉን እዚያው ከፈተ፤ ከዚያም ዕቃው ለአፍሪካ አገሮች ተሠራጨ። በሰባ ሰባት የባዕድ አገር አውሮፕላን ስንዴ ያራገፈበት ቦሌ ለመላው አህጉር ሐኪምና ነርስ ጭምብል የሚጭን ሆነ። ይህን ስጽፍ ኩራት ይሰማኛል፤ የምደብቀውም አይደለም።

በዚያው ዓመትና በተከታዩ 2013 ጥቅምት ላይ አንበጣ መጣ። ራያን፣ ቆቦንና የደቡብ ወሎን ቆላ ወረዳዎች ሰብሉ ሊታጨድ በደረሰበት ሳምንት ወረረ። የሚረጩ አውሮፕላኖች ነበሩ፤ በቂ አልነበሩም፤ አንዳንዱም እስኪመጣ መንጋው እርሻውን ጨርሶ ሄደ። ገበሬው በጅራፍ፣ በጣሳና በጩኸት ተከላከለ፤ ተማሪውና የከተማው ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ አጨዳ አገዘ።

አየር መንገዱ የቦይንግ 767 የመንገደኛ አውሮፕላኖችን አዲስ አበባ ላይ ወደ ዕቃ ጫኝነት ለመለወጥ ከእስራኤል ኤሮስፔስ ኢንዱስትሪ ጋር ተስማምቷል። ግድግዳው ተቆርጦ ሰፊ የጭነት በር ይገባበታል፣ ወለሉ ይጠነክራል። ሙያው እንግዲህ አለን። እኔ የምመኘው ይህ ሙያ ወደ ደጋው እንዲደርስ ነው። ከኩታበር እስከ ወግዲ በየወረዳው አንድ አንድ ሜዳ ተመርጦ ርዝመቱ፣ ከፍታውና የንፋሱ አቅጣጫ ተለክቶ ይመዝገብ፤ የንፋስ ማሳያ ይተከልበት፤ ለመጣል የሚሆን ድርብ ጆንያ ኮምቦልቻ መጋዘን ይቀመጥ፤ ሕዝቡን ከሜዳ የሚያርቁ ጥቂት ሰዎች በየቀበሌው ይሠልጥኑ። በጥር 1977 ዓ.ም. ይህ ሁሉ የተጀመረው ሰው ካለቀ በኋላ ነበር። ዛሬ በአንድ በጋ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ሜዳውን ለመለካት የሚያስፈልገውም አንድ ቀያሽ፣ አንድ መዝገብና በየወረዳው ጥቂት ቀን ነው።